ሰባት ቤት የሚቆጥር ግራፍ

እኔ ታሪክ አጽድቼ አውቃለሁ። የአገር ታሪክ ሳይሆን የኮድ ታሪክ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አራት ሆነን የምንሠራት አንዲት ትንሽ ሲስተም ነበረች። ስንት ኩንታል ጤፍ ገባ፣ ስንት ስንዴ ወጣ፣ ማን አስረከበ፣ ማን ተረከበ የምትል የእህል መዝገብ። ክረምት ነበር። ከጮቄ በኩል የመጣው ጉም መስኮቱን ሸፍኖታል፣ መብራት ሄድ መጣ ይላል። እኔ ደግሞ በማግስቱ ለአሠሪዎቻችን የደረስንበትን ማሳየት ነበረብኝ። ተርሚናሌን ከፈትኩና የጊትን ግራፍ ጠራሁ።

ጊት የምትጠቀሙ ሰዎች የመጣልኝን ነገር ታውቁታላችሁ። ኮከብ፣ ቁም መስመር፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተጋደሙ ጭረቶች፣ አምስት ዓይነት ቀለም። ድመት የተጫወተችበት ፈትል ይመስላል። ከየኮከቡ ጎን ያለው መልእክት ደግሞ ከፈትሉ የባሰ ነው፦ «ፊክስ»፣ «ፊክስ 2»፣ «አሁን ይሠራል»፣ «አሁንም አይሠራም»፣ «ኧረ በእመቤቴ ሥራ»። ይኼን ለሰው ማሳየት አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር ከማንም በፊት ለራሴ ነው ያፈርኩት።

ስለዚህ አጸዳሁት። ዋናውን መስመር ከሥሩ ጀምሬ በሪቤዝ ቀጥ አደረግሁ። ለልምምድ ወደ እኛ መጥታ የነበረች አንዲት ተማሪ ለብቻዋ ስትሠራበት የከረመች ብራንች ነበረች፤ 31 ኮሚት። እነዚያን 31 ኮሚቶች በስኳሽ ወደ አንድ ጨፍልቄ፣ ላዩ ላይ «የርክክብ ክፍል ተጨመረ» ብዬ ጻፍኩና ብራንቿን ሰረዝኩ። በግድ ፑሽ አደረግሁ። ከዚያ ግራፉን ደግሜ ጠራሁት። አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ እንደ ጥድ። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ቡና አስፈልቼ ጠጣሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ልጅቷ ደወለች። አዲስ አበባ ሥራ ልትቀጠር ነው፤ «የሠራሽውን አሳዪን» ብለዋታል፤ ሪፖውን ከፍታ ልታሳያቸው ስትል ስሟን አጣችው። የርክክቡ ክፍል በሙሉ በእኔ ስም የተጻፈ አንድ ኮሚት ሆኗል። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ግራፉን አየሁት፤ ቆንጆ ሆኗል» አለችኝ። ትንሽ ዝም አለችና «ግን እኔ የት አለሁ?» አለች።

ይኼ ጽሑፍ ለዚያች ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። ጥያቄዋ የእሷ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፦ አንድን ታሪክ ግልጽ አድርጎ ማሳየት ምን ላይ ሲደርስ ነው ታሪኩን መደበቅ የሚሆነው?

፠

መጀመሪያ ግራፉ ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ ጊት የማታውቁም አብራችሁ ኑ።

ጊትን ሊኑስ ቶርቫልድስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2005 ነው። የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች ይገለገሉበት የነበረው ቢትኪፐር የሚባል መሣሪያ በነጻ መጠቀሚያ ፈቃዱ ሲነሳ፣ ሰውዬው ተቀምጦ የራሱን ጻፈ። የአሠራሩ ልብ ቀላል ነው። አንድ ኮሚት ማለት ሥራው በዚያች ሰዓት የነበረበትን መልክ የያዘ ቅጽበት ነው። በላዩ አምስት ነገር ተጽፎበታል፦ የፋይሎቹ ሁኔታ፣ ማን እንደጻፈው፣ ማን መዝገብ ውስጥ እንዳስገባው፣ ምን ለማድረግ እንደሆነ፣ እና ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ። እነዚህ ሁሉ ተደምረው 40 ፊደልና ቁጥር ያለው አንድ መለያ ይሰጡታል፤ ሃሽ እንለዋለን።

ወላጅ የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ፤ እኔ ያመጣሁት ምሳሌ አይደለም፣ ጊት ራሱ የሚጠቀምበት ቃል ነው። የመጀመሪያው ኮሚት ወላጅ የለውም። ተራ ኮሚት አንድ ወላጅ አለው። ሁለት ብራንች ሲገናኙ የሚወለደው መርጅ ደግሞ ሁለት ወላጅ አለው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ልጅ ወላጁን ያውቃል፤ ወላጅ ግን ልጁን አያውቅም። ጊት ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይቆጥርም።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ከባድ ነገር አለ። የኮሚቱ መለያ የወላጆቹን መለያ ስለሚጨምር፣ አንድ አያት ላይ ነጠላ ሰረዝ ብትቀይር የልጅ ልጆቹ መለያ በሙሉ ይቀየራል። ስለዚህ «ሪቤዝ ታሪክን ያስተካክላል» የሚባለው ልክ አይደለም። ሪቤዝ የድሮዎቹን የሚመስሉ አዳዲስ ኮሚቶች ይወልድና የድሮዎቹን ሜዳ ላይ ይተዋቸዋል። የጸሐፊው ስም እንኳ በሪቤዝ ይተርፋል፤ ጊት ጽሑፉን የጻፈውንና መዝገብ ያስገባውን ለይቶ ነው የሚይዘው። እኔ ግን ስኳሽ ነው ያደረግሁት። ጨፍልቆ አዲስ ኮሚት የፈጠረ ሰው ጸሐፊው እሱ ራሱ ይሆናል። ልጅቷ በዚያች በአንዷ ትእዛዜ ከመዝገቡ ወጣች።

እሺ፣ ግራፉ ለምን ይወላገዳል? አንደኛው ምክንያት ሥራው ራሱ ስለሚወላገድ ነው። አራት ሰው በአራት ቦታ፣ መብራት ባለ ሰዓት እየተሯሯጠ ሲሠራ ቀጥ ያለ ነገር አይወጣም። ሁለተኛው ምክንያት ግን አቀራረብ ነው። ኮሚቶቹን በሰዓታቸው ብቻ ብትደረድራቸው የሦስት ሰው ሥራ እንደ ሽሩባ እየተጠላለፈ ይመጣል። ለዚህ ነው ጊት ግራፍ ስትጠይቀው ከሰዓት ይልቅ ዝምድናን አስቀድሞ የሚደረድረው፦ ልጆች ሳይታዩ ወላጅ አይታይም፣ የአንዱ ብራንች ሥራም ከሌላው ጋር ሳይደባለቅ በአንድ ላይ ይወርዳል። በዚያ ላይ እያንዳንዱን በአንድ መስመር አሳጥር፣ ብራንቾችን ሁሉ አሳይ፣ የብራንችና የታግ ስም ጻፍበት፣ ስም ያላቸውን ብቻ አስቀር፣ የዚህን ሰው ብቻ አውጣ እያልክ ማዘዝ ትችላለህ። አንዷም ትእዛዝ መዝገቡን አትነካም። የምትቀይረው አንተ የቆምክበትን ቦታ ነው።

ከነዚህ ሁሉ አንዷን ለይቼ ላንሳ፦ ፈርስት ፓረንት። መርጅ ላይ ስትደርስ የመጀመሪያውን ወላጅ ብቻ ተከተል፣ ሁለተኛውን እለፈው ማለት ነው። ይቺን አማራጭ ብታዝዝ በጣም የተወላገደው ግራፍ እንኳ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይወርድልሃል።

ያን ክረምት ይቺን አማራጭ አላውቃትም ነበር። ባውቃት ኖሮ ይኼ ጽሑፍ አይኖርም። ግን ደግሞ አስቡት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። እኔም እናንተም በየቀኑ እንጠቀምባታለን። ስማችን ናት።

፠

የእኔ ስም፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም። ኢትዮጵያ ውስጥ መታወቂያ ስታወጣ የምትሰጠው ፈርስት ፓረንት ነው። እናትህ አለች፤ አንተ ራስህ የመርጅ ውጤት ነህ። ግን በስምህ ውስጥ የእሷ መስመር አይታይም። አልተሰረዘችም፣ ታልፋለች። ማንም ሰው ይኼን ሰምቶ «እናትህን ክደሃል» አይልህም፤ ስም አጭር መሆን ስላለበት ነው።

ጎጃም ውስጥ ግን ይኼ አጭር መስመር የማይበቃባቸው ሁለት ጉዳዮች ነበሩ። አንዱ አሁንም አለ፤ ጋብቻ። ሽማግሌ ልትልክ ስትል መጀመሪያ የሚደረገው ዘር ቆጠራ ነው። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ካለ አይሆንም። ቆጠራው ደግሞ በአባት ብቻ አይደለም፤ የእናት አባት፣ የእናት እናት፣ የአባት እናት ወንድም፣ ሁሉም ይገባል። በፈርስት ፓረንት ብቻ የቆጠረ ሰው በእናቱ በኩል የሦስት ቤት እህቱን ሊያገባ ይችላል። አያቴ ይኼን ስትቆጥር ብታዩ፣ ጣቷን እያጠፈች፣ «እሷ የማን ልጅ ናት? የእንትና። እንትና ደግሞ በእናቱ ከነማን ነው?» እያለች አንድ መርጅ ላይ ትደርስና ሁለቱንም ወላጅ ተራ በተራ ትከተላለች። ግራፉ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው፣ ያለ ቀለም።

ሁለተኛው ጉዳይ መሬት ነበር። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ደጋ ዳሞት ውስጥ ተቀምጦ የጎጃምን የርስት ሥርዓት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አሳተመ። የሥርዓቱ ሐሳብ እንዲህ ነው። መሬቱን መጀመሪያ የያዘ ዋና አባት አለ። የእሱ ተወላጅ የሆነ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በአባትም ይቁጠር በእናት፣ ከዚያ መሬት ድርሻ የመጠየቅ መብት አለው። ማንም ሰው ብዙ አያቶች ስላሉት ብዙ ቦታ ርስተኛ ነው። ስለዚህ የትውልድ ቆጠራ ለጨዋታ የሚሆን ነገር አልነበረም። እንጀራ ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረት የመጣው ከዚህ ዓይነት ኑሮ ነው፤ መስመሩን እስካልረሳህ ድረስ መብትህ አይሞትም ማለት ነው።

ይኼን ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታውጆ መሬት ሊለካ ነው ሲባል ጎጃም ያመጸው ከግብሩ ክብደት ብቻ አይደለም። ልኬታው ርስቱን ያጠፋብናል የሚል ፍርሃት ነበረበት። ማዕከላዊው መንግሥት አንድ መሬት፣ አንድ ስም፣ አንድ መስመር ማየት ይፈልጋል፤ ለሒሳብ ይመቸዋል። ለገበሬው ግን በዚያ ቀጥ ያለ መስመር ውስጥ የእናቱ አባት የለም፤ ከእናቱ አባት ጋር ደግሞ ሁለት ጥማድ መሬት አብሮ ሄደ ማለት ነው።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ የልጅቷን ጥያቄ እንደገና ሰማሁት። «እኔ የት አለሁ?» የእሷም ጥያቄ የርስት ጥያቄ ነው። 31 ኮሚት ድርሻ ነው፤ ድርሻውን የሚያስቆጥረው ደግሞ መስመሩ ነው። መስመሩን የቆረጥኩት እኔ መሬቷን የወሰድኩ አልመሰለኝም ነበር፤ ግቢ የጠረግሁ ነበር የመሰለኝ።

፠

ግን ለራሴም ልከራከርለት። «ሁሉም ነገር እንዳለ ይቀመጥ» የሚለው መልስ በጣም ቀላል ነው፣ ሦስት ቦታም ይሰናከላል።

አንደኛ፣ ረቂቅ የግል ነው። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ የጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ ተማሪው ቀኑን ሙሉ ጥግ ይዞ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርመዋል፣ ይሰብረዋል፣ ይጠግነዋል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሰማው ግን የተቃናው ቅኔ ነው። «የተሳሳትከውንም አብረህ ዝረፍልን» የሚለው የለም። እንደዚያ ቢባል ማንም አፉን አይከፍትም። እኔም «ፊክስ 2»ን በራሴ ላፕቶፕ ላይ እያለች ብጨፈልቃት የማንንም ድርሻ አልነካሁም።

ሁለተኛ፣ ሙሉ መዝገብ ዱላ ይሆናል። ጊት ውስጥ ይቺን መስመር ማን ጻፋት ብለህ የምትጠይቅበት ትእዛዝ አለ፤ ስሟ ብሌም ነው፣ ወቀሳ። ይኼ ስም በአጋጣሚ ቢወጣም እውነት አለው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲከፋፈል፣ ጎጃም ውስጥ «ቢሮክራት» እና «ቀሪ ፊውዳል» የሚባሉ ስሞች የተለጠፉባቸው ገበሬዎች ነበሩ። ከነሱ ብዙዎቹ በደርግ ጊዜ በቀበሌ ማኅበር ውስጥ ያገለገሉ ናቸው። ያለፈ ታሪካቸው ተቆጥሮ መሬታቸው ከጎረቤቶቻቸው ባነሰ ልክ ተወሰነ። ያን ጊዜ ያየ ሰው «ታሪክ ሁሉ ተጽፎ ይኑር» ሲባል ደስ አይለውም። መርሳት አንዳንዴ ምሕረት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብደኛል። ብዛት ራሱ መደበቂያ ነው። 400 ጊዜ «ፊክስ» የሚል ታሪክ ውስጥ ማንም ማንንም አያገኝም። የልጅቷ 31 ኮሚቶች በዚያ ውልብልብ ውስጥ እንዳሉ ቢቀሩ ኖሮ ያ ቀጣሪ ያያቸው ነበር? አይመስለኝም። ሊነበብ የማይችል እውነት ለተነባቢው አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው የሚደበቅ ነገር ላለው ሰው ነው። ስለዚህ ግልጽ አድርጎ ማሳየት ጌጥ አይደለም፣ ግዴታ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ለረጅም ጊዜ «መዝገቡን አትንካ፣ እይታውን አጽዳ» የሚል መልስ ይዤ ነበር። አሁንም አብዛኛውን እቀበለዋለሁ። ፈርስት ፓረንት ብለህ ስታሳይ ለሚጠይቅህ ሰው ሁለተኛው ወላጅ እዚያው አለ፤ ትእዛዟን ማንሳት ብቻ ነው። ስኳሽ አድርገህ በግድ ፑሽ ስታደርግ ግን የሚጠይቅህ ሰው የሚያነሳው ነገር የለም። የመጀመሪያው «አሁን ይኼን አላሳይህም» ነው። ሁለተኛው «የለም» ነው።

ግን አያቴን ሳስብ ይኼም መልስ ይሳሳብኛል። እሷ የምትቆጥረው የሚፈለገውን መስመር ነው። ሆበን ካሳያቸው ነገሮች አንዱም ይኼ ነው፤ ሰው ሊከራከርበት የሚችለውን፣ መሬት የሚያስገኝለትን መስመር አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ይደበዝዛል። ለመቶ ዓመት ማንም ያልቆጠረው መስመር ማንም ሳይሰርዘው ይጠፋል። ጊትም እንደዚያው ነው። ከየትኛውም ብራንችም ሆነ ታግ ተነስተህ የማትደርስበት ኮሚት ለጊዜው ሬፍሎግ ውስጥ ይቆያል፤ ካልቀየርከው በቀር 30 ቀን። ከዚያ ጠራጊው ሲመጣ ይወስደዋል። ማንም በክፋት አላጠፋውም። የሚጠራው ስም ስለሌለ ነው።

እንግዲህ እይታና መዝገብ የሚመስለንን ያህል አይራራቁም። ዛሬ የማናሳየው ነገ የሌለ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው «መዝገቡ አለ ወይ?» ብቻ ሆኖ አይቀርም። «የሚጠራው አለ ወይ?» የሚለውም አብሮት ይመጣል።

፠

ስለ ጎጃም ትውልድ ሲነሳ አንድ ሰው ሳላነሳ አላልፍም፤ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ። በልጅነቱ ከዓባይ ማዶ ከኦሮሞ አገር ተማርኮ መጥቶ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት አደገ። መንቆረር የተባለችውን ከተማ ደብረ ማርቆስ ያሰኟት ንጉሥ ናቸው። ልጁ ሰዓሊና ጸሐፊ ሆነ። ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ «የጎጃም ትውልድ በሙሉ ከዓባይ እስከ ዓባይ» ይባላል፤ የጎጃምን ሰው ዘር እየቆጠረ የሚያወርድ። የታሪክ ሥራው በግርማ ጌታሁን ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ2014 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል።

እኔን የሚገርመኝ ነገር ይኼ ነው። የጎጃምን ግራፍ ከዓባይ እስከ ዓባይ የሳለው ሰው ራሱ ከዚያ ግራፍ አልተወለደም። የሚቆጥርለት ጎጃሜ አያት የለውም። ቢፈልግ ኖሮ ያሳደጉትን ሰዎች መስመር ይዞ፣ ራሱን በዚያ ላይ በሪቤዝ ተክሎ፣ ቀጥ ያለ ታሪክ ሊኖረው ይችል ነበር። እኛ ግን ዛሬም የምናውቀው ዋቅጅራ ብለን ነው። ክርስትናው ከዚህኛው ዓባይ ማዶ፣ አባቱ ከዚያኛው። ስሙ ራሱ መርጅ ነው፣ ሁለቱም ወላጅ ይታያል። ለሰው ሁሉ ዘር ቆጥሮ የእሱንም አላስጨፈለቀ።

፠

ወደ ልጅቷ ልመለስ።

የእኔ ላፕቶፕ ላይ ፈለግሁ። ሬፍሎጉ አልፎበታል። የእሷ ላፕቶፕ የቢሮ ነበር፤ መልሳ ስታስረክብ ፎርማት ተደርጓል። ያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ላይ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጊት የአንድ ሰው ቤት ውስጥ ብቻ አይኖርም፤ ክሎን ያደረገ ሁሉ ታሪኩን ይዞት ይሄዳል። ከአራታችን አንዱ ከእኔ ጽዳት በፊት ሥራ ለቆ ባሕር ዳር ሄዶ ነበር። ደወልኩለት።

«ያቺን የእህል ነገር አጥፍተሃታል እንዴ?» አልኩት።

«ኧረ ለማጥፋትም ጊዜ የለኝ» አለኝ።

ስንፍናው ይባረክ። ከ31ዱ ኮሚቶች 22ቱ ላፕቶፑ ላይ ተገኙ። የቀሩትን 9ኙን ከዚያ በኋላ ስለጻፈቻቸው እሱ ዘንድ አልደረሱም፤ እነሱ ጠፉ። እስከ አሁን ጠፍተዋል።

22ቱን ምን ላድርግ? ዋናውን መስመር እንደገና ከሥሩ ብቀይረው በዚህ መሃል በላዩ የሠሩትን ሰዎች አናውጣለሁ፤ አንዱን በደል በሌላ በደል መጠገን ነው። ጊት ለዚህ የሚሆን አንድ መርጅ አለው። ፋይሎቹን ዛሬ ባሉበት ይተዋቸዋል፣ ነገር ግን «ይህኛውም ወላጄ ነው» ብሎ ይመዘግባል። እሱን አደረግሁ። መልእክቱ ላይ ምን እንደተፈጠረ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ ይህን ክፍል ማን እንደሠራው፣ እኔ እንዴት እንደጨፈለቅሁት፣ 9ኙ እንደጠፉ። ለቀጣሪዎቿም ያንኑ ጽፌ ላክሁላት። ሥራውን አገኘች አላገኘች እዚህ አልናገርም፤ የእሷ ጉዳይ ነው፣ የእኔ ጥፋት በውጤቱ አይለካም።

የድሮው ብራንች ሲመለስ ብቻውን አልተመለሰም። ቅድመ አያቶቹን፣ ምንዥላቶቹን፣ ያን ያጸዳሁትን ውልብልብ በሙሉ ይዞ መጣ። «ፊክስ 2» ተመለሰች። «ኧረ በእመቤቴ ሥራ» ተመለሰች። ግራፉ መሃል ላይ አሁን ትልቅ ቋጠሮ አለ፣ አንዳንዱ ነገር ሁለት ጊዜ የተወለደ ይመስላል። ሙሉውን ስትጠራው ያስቀይማል።

ለእንግዳ ሳሳይ ፈርስት ፓረንት እላለሁ፤ ቀጥ ያለ መስመር ይወርዳል፣ የተጻፈውም ይነበባል። በዚያ መስመር ላይ ግን አንድ ኮሚት አለች፣ የእሷ ስም ያለባት፣ ሁለት ወላጅ ያላት። አዲስ ሰው ሲቀጠር ሁልጊዜ እዚያች ላይ ይቆምና ይጠይቃል። ያን ጊዜ ትእዛዟን አንስቼ ሙሉውን አሳየዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበት ልማድ ይኼ ነው። ሥራዬ እኔ ዘንድ ብቻ እያለ እንደፈለግሁ እጨፈልቃለሁ፣ አቃናለሁ፤ ቅኔ ቆጠራ ነው። ፑሽ ካደረግሁት በኋላ ግን ሰው ቆሞበታልና አልነካውም። የሌላ ሰው እጅ ያለበትን ስኳሽ ማድረግ ግድ ከሆነ የእያንዳንዱን ስም «አብሮ ጸሐፊ» ብዬ ከታች እጽፋለሁ። መልእክቴን ደግሞ ያልነበረ ሰው እንዲያነበው አድርጌ እጽፋለሁ፣ ያልተነበበ መስመር እንደሚጠፋ አይቻለሁና። የሰው ጥፋት ያለበት ኮሚት ሲያጋጥመኝ ብሌም የምትለውን ትእዛዝ ሰው ፊት አልጠራትም።

ባለፈው ሳምንት አያቴ ጋ ሄጄ ነበር። የአጎቴ ልጅ ሊያገባ ነው፤ ዘር ይቆጠራል። በሦስተኛው ቤት ላይ አንድ ስም ጠፋባት። ጣቷን አጥፋ ቀረች። «የእናቷ እናት... ማን ነበረች?» አለች። ቤት ያለ ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ማንም አያውቅም። ከጎረቤት አንዲት አሮጊት ተጠርተው መጡ፣ ቁጭ አሉ፣ አሰቡ፣ ስሟን ጠሯት። አያቴ ደግማ ጠራቻትና የታጠፈችውን ጣቷን ይዛ ቆጠራዋን ቀጠለች።

እኔ ስልኬን አወጣሁና ስሟን ጻፍኩ።